ግብጽ ወይስ ምስር? ስለ አንድ የአገር ስምና ስለ ጸሎቱ ጸ

ጥያቄ፦ «የካይሮ ሰዎች አገራቸውን የሚጠሩት ‹ምስር› ብለው ነው፤ ዐረብኛውም ዕብራይስጡም ከዚሁ ሥር ነው። እኛ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆነን ሳለ የአውሮፓውያንን ስም ይዘን ‹ግብጽ› የምንለው ለምንድን ነው? ቱርክ እንኳ ስሟ በባለቤቶቹ አጠራር እንዲጻፍ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ‹ግብጽ› ማለታችን የማይቀር ከሆነስ በየትኛው ጸ ይጻፍ? ሕዝቡንስ ‹ግብጾች› እንበል ወይስ ‹ግብጻውያን›?»

መልስ፦ ጠያቂያችን ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ጠይቀዋል። ከሦስቱ መካከለኛው፣ ማለትም የጸው ጉዳይ፣ ብዙ ስከራከርበት የኖርሁት ስለሆነ ወደ እርሱ ለመድረስ እንደምቸኩል አልሸሽግም፤ ነገር ግን ፊደሉን የሚወስነው የስሙ ታሪክ እንጂ የጸሐፊው ምርጫ ስላልሆነ ከሥሩ መጀመር ግድ ይለናል። ሥሩም ሩቅ ነው።

ጥያቄው ሁለት ነገሮችን እንደ ተረጋገጡ አድርጎ ይነሣል፤ ምስር የባለቤቶቹ ስም ነው፣ ግብጽ ደግሞ የአውሮፓውያን። ይህን አስተሳሰብ ከጠያቂያችን በፊት በጽሑፍም በቃልም ደጋግመው ያቀረቡ ወገኖች አሉ፤ «ሰውን ራሱ ባወጣው ስም ጥራው» የሚለው መከራከሪያቸውም ለሰሚው ጨዋነት ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም መነሻዎች ትክክል አይደሉም፤ እንዲያውም ነገሩ ተገልብጦ ቢነገር ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ፒራሚዶቹን የሠሩት የጥንት ግብጻውያን አገራቸውን ምስርም ግብጽም አላሏትም። ዋናው ስሟ በተነባቢዎች ብቻ «ክምት» ተብሎ የሚጻፈው፣ ሊቃውንት ለንባብ እንዲመች «ከመት» የሚሉት ሲሆን ትርጉሙ «ጥቁሪቱ ምድር» ነው። ጥቁሪቱ መባሏ ዓባይ በየክረምቱ እየሞላ ሲያለብሳት ከኖረው ጥቁር ደለል የተነሣ ነው፤ ደለሉ በአብዛኛው ከየት ተጠርጎ እንደሚወርድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዙሪያዋ ያለውን በረሃ «ደሽረት»፣ «ቀይቱ ምድር» ይሉት ነበር፤ የላይኛውንና የታችኛውን ግብጽ አንድ ላይ ሲጠሩም «ታዊ»፣ «ሁለቱ ምድሮች» ይላሉ። ከመት የሚለው ስም በመጨረሻው የግብጽ ቋንቋ፣ አብዛኛውን ፊደሉን ከግሪክ በወሰደው በቅብጥ ልሳን፣ በደቡቡ አነጋገር «ኬሜ»፣ በሰሜኑ «ኬሚ» ሆኖ እስከ ክርስትና ዘመን ዘልቋል። ኬሚስትሪ የሚለውንም ቃል ከዚህ የሚያወጡት አሉ፤ ከግሪኩ «ቀልጦ መፍሰስ» ከሚለው ግስ የሚያወጡትም አሉ፤ ክርክሩ የሚጣፍጥ ቢሆንም መንገዳችንን ያስተናል። ለእኛ የሚበቃን ይህ ነው፦ «ባለቤቶቹ ያወጡት ስም ይመለስ» የሚል ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ከመትን ወይም ኬሜን እንጂ ምስርን አይደለም።

ምስር ጎረቤት ያወጣው ስም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1887 በግብጽ ባለው በጥንቱ የአማርና ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የባቢሎንና የሌሎች አገሮች ነገሥታት፣ እንዲሁም የከነዓን ገዥዎች፣ ለፈርዖኖች በአካድኛ፣ ማለትም በጥንቱ የባቢሎን አገር ቋንቋ፣ የላኳቸው ናቸው፤ በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ አገሪቱ «ምጽሪ» ትባላለች። በሶርያ ጠረፍ የነበረችው የኡጋሪት ከተማ ጸሐፊዎች «ምጽርም» ብለው ጻፉ፤ ዕብራይስጥ «ምጽራይም» አላት፤ የፋርሱ ዳርዮስ በድንጋይ ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ደግሞ «ሙድራያ» ተባለች። የዕብራይስጡ መድረሻ ዕብራይስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተፈጠሩትን፣ ዐይንን፣ እጅንና እግርን የሚያበዛበት መድረሻ ስለሚመስል፣ «ሁለቱ ምድሮች» የሚለውን የግብጻውያኑን አጠራር ያስተጋባል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሥሩን በሚመለከት ደግሞ አካድኛ «ምጽሩ» ሲል «ወሰን» ማለቱ ነው፤ የወሰን ማዶን አገር ወሰን ብሎ መጥራት ለጎረቤት የቀረበ ስለሆነ ከሚቀርቡት ትርጓሜዎች ሁሉ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ይህ የጎረቤት ስም በነዋሪዎቹ አፍ የገባው ቋንቋቸው ሲለወጥ ነው። ዐረቦች ግብጽን የያዙት እ.ኤ.አ. ከ639 እስከ 642 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ምስር በዐረብኛ የተጸውዖ ስም ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቁጥር «አምሳር» እየተባለ በተያዘ አገር ላይ ለሠራዊት ማረፊያ የሚቆረቆርን ከተማ ያመለክታል፤ ባስራና ኩፋ እንዲህ ያሉ ከተሞች ነበሩ። የዘመቻው መሪ ዐምር ኢብን አል-ዓስ የቆረቆራት ፉስጣጥም ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ969 ከአጠገቧ የተመሠረተችው ካይሮም ስሙን ወረሰች። ዛሬም ግብጻዊው በየዕለቱ አነጋገሩ «ማስር» ሲል እንደ ነገሩ አግባብ አገሩን ወይም ዋና ከተማውን ማለቱ ነው። ስሙ የእነርሱ መሆኑን አልክድም፤ አንድ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራበት ስም የራሱ ነው። የምክደው ከግብጽ ይልቅ ጥንታዊና ተፈጥሯዊ ነው የሚለውን ነው።

ግብጽ የሚለው ግን የተወለደው እዚያው በዓባይ ዳር ነው። ከዛሬዋ ካይሮ በስተ ደቡብ በነበረችው በሜምፊስ የፕታሕ ታላቅ ቤተ መቅደስ ነበረ፤ ስሙም «ሑት-ካ-ፕታሕ» ይባል ነበር። ሑት ቤት ነው፤ ካ ነፍስ ወይም መንፈስ ነው፤ ፕታሕ የእጅ ጥበበኞች አምላክ የተባለው ጣዖት ነው። የቤተ መቅደሱ ስም ለከተማዋ ተረፈ፤ የከተማዋም ስም በባዕዳን አፍ ለአገሩ ሁሉ ተረፈ። ቅድም ከጠቀስኋቸው የአማርና ደብዳቤዎች መካከል ከተማዋን «ሒኩፕታሕ» ብለው የጠሩ ይገኙበታል፤ ስለዚህ የምስርና የግብጽ አያቶች በአንድ መዝገብ ቤት ጎን ለጎን ተጽፈው ተገኝተዋል ማለት ነው። ግሪኮች ቃሉን የያዙትም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ በተገኙት የሸክላ ጽሑፎች ላይ «አይኩፒቲዮ» የሰው ስም ሆኖ ይነበባል። ሆሜር በኦዲሴይ ውስጥ «አይጉፕቶስ» ሲል አንድ ጊዜ ወንዙን በተባዕት ጾታ፣ ሌላ ጊዜ አገሩን በአንስት ጾታ ይጠራል። በኋላ የስሙ ምንጭ የጠፋባቸው ግሪኮች አይጉፕቶስ የሚባል ንጉሥ ፈጥረው ኀምሳ ወንዶች ልጆች አወለዱት።

አሁን በእኛ «ግብጽ» ውስጥ ያሉትን ሦስት ፊደላት እንመልከታቸው። ግ ዱሮ «ካ» የነበረው ነው። ብና ጽ «ፕታሕ» የነበረው ነው። ግሪኩ «ሑት» የሚለውን በመነሻው «አይ» ውስጥ ጥላውን ብቻ አስቀርቶለት ነበር፤ ግእዝ ያንንም ጥላ ጣለው። ቤቱ ፈርሶ ነፍሱና ጣዖቱ በሦስት ፊደል ተጨፍልቀው እኛ ዘንድ አሉ። ከግብጻውያኑ ከራሳቸው ቋንቋ የወጣ፣ ዓለም ዛሬም የሚጠራበት የአገሪቱ ስም ይኸው ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹን እናክብር ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ሊቀርብለት እንደሚችል አላውቅም።

«የአውሮፓውያን ስም» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ስሙን ከእነርሱ ጋር ተጋራነው እንጂ ከእነርሱ አልተዋስነውም። ሮማውያን «ኤጊፕቱስ» ብለው ከግሪክ ወሰዱ፤ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ከላቲን ወረሱ። እኛ ግን ከግሪኩ በቀጥታ የተቀበልነው በቀይ ባሕር በኩል ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. ግሪክኛ የሚጽፍ ከግብጽ የተነሣ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች ሲዘረዝር አዱሊስንና አክሱምን ጠቅሷል፤ ገዥው ዞስካሌስም የግሪክን ጽሑፍ የሚያውቅ እንደ ነበረ ጽፏል። ያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ስሙ በግእዝ ውስጥ የያዘው መልክም መምጫውን የሚናገር ይመስለኛል። መጻሕፍት ከጽርእ፣ ማለትም ከግሪክኛ፣ ሲተረጐሙ የገቡት ስሞች የተወሰነ ሕግ ይከተላሉ። የግሪኩ ፒ ጰ ይሆናል፤ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ኢትዮጵያ በማለት እንደምናየው ነው። ታው ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል፤ ጴጥሮስና ጢሞቴዎስ ምስክር ናቸው። የመድረሻው «-ኦስ»ም ብዙውን ጊዜ ይጠበቃል። በዚህ ሕግ ቢሄድ ኖሮ አይጉፕቶስ «ኢግጵጦስ» የሚመስል ነገር በሆነ ነበር። ግን አልሆነም፤ መነሻው ተቆርጧል፣ ፒው ብ ሆኗል፣ ከመድረሻው አናባቢው ጠፍቷል፣ በታው ቦታ ጽ ተቀምጧል። ይህ በብራና ላይ ፊደል በፊደል ተገልብጦ የገባ ስም አይመስልም፤ በአፍ ሲንከባለል ያለቀ ስም ነው። ስለዚህ ግብጽ የሚለውን ከተርጓሚዎቹ በፊት በአዱሊስ በኩል የሚመላለሱት ነጋዴዎች አምጥተውታል፣ ተርጓሚዎቹም ሕዝቡ የሚያውቀውን ስም ተዉለት እላለሁ። ጽው ከየት መጣ ለሚለኝ ደግሞ ግምቴ ይህ ነው፦ «-ፕቶስ» አናባቢው ሲጠፋ ትና ስ ይገጣጠማሉ፤ ሁለቱ ተጣብቀው ሲነገሩ ለግእዝ ጆሮ የሚቀርባቸው ጽ ነው፤ ጸን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ከምላሱ ጫፍ ላይ ትንና ስን አብሮ ይሰማልና። የመነሻው መቆረጥም የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዐረብኛው «ቅብጥ» የሚለው ከዚያው ከአይጉፕቶስ ዝርያ ወጥቶ እንደ እኛው ራሱን የተቆረጠ ነው። ቅብጥ በመጀመሪያ የአገሩን ሰው ሁሉ የሚያጠቃልል ነበረ፤ አብዛኛው ሕዝብ ሲሰልም በክርስቲያኖቹ ላይ ጸንቶ ቀረ፤ አውሮፓውያን ይህንኑ ወስደው «ኮፕት» አሉት፤ እኛ ቅብጥን በግእዝ ይዘን ሳለ ኮፕትን ደግሞ ከእነርሱ መልሰን ተቀበልን። ግብጽ፣ ቅብጥ፣ ኮፕት፣ ኢጂፕት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ሌላ አባባል አለ። ግብጽ ከግእዙ «ግብ» ወጣ፣ ግብ ጉድጓድ ነውና (ግበ አናብስት እንደሚባለው) ዝቅተኛውን የዓባይ ሸለቆ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ስም ነው የሚሉ አሉ። አገር ወዳድነታቸውን ባደንቅም ሰዋስው አይፈቅድላቸውም። ግእዝ ከስም መጨረሻ ላይ ጽን ቀጥሎ የአገር ስም የሚያወጣበት ሥርዓት የለውም፤ ጽን ለማስረዳት ሳይሞክሩ ግንና ብን ብቻ ማስረዳት ደግሞ የቃሉን ሢሶ ጥሎ መሄድ ነው። ንጉሥ ከፈጠሩት ግሪኮች በምንም አይሻልም።

ምስር በግእዝ የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አለ፤ ግን በሌላ በርና በሌላ ዘመን የገባ ነው። ከአክሱም መንግሥት በኋላ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚተረጐሙበት ቋንቋ ከጽርእ ወደ ዐረብኛ ተለወጠ፤ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1348 እስከ 1388 በጵጵስና በቆዩት፣ መተርጕም በተባሉት በአቡነ ሰላማ ዘመን ከዐረብኛ ብዙ ተተርጕሟል። ግእዝ ምስርን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንደ ግብጻውያኑ አነጋገር ዋና ከተማዪቱን ካይሮን ለማመልከት ይጠቀምበታል። ከዐረብኛ መምጣቱን የሚያጋልጠው «ስ» የሚለው ፊደል ነው። የዐረብኛው ሷድ እንደ እኛ ጸ በጉሮሮ ተገፍቶ የሚፈነዳ ድምፅ ስላልሆነ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ስ አድርጎ ይሰማዋል፤ ሳሙና፣ ሳንዱቅ፣ ሶላት ሁሉም በዐረብኛ በሷድ የሚጀምሩ ቃላት ናቸው። የኦሪት ዘፍጥረት የአማርኛ ትርጉም የካምን ልጅ «ምጽራይም» ሲለው ግን ጽን የጻፈው ከዕብራይስጡ ጻዴ ነው፤ ጽዮን እንደ ተባለው ማለት ነው። እንግዲህ ምስርና ምጽራይም አንድ ስም ሲሆኑ አንዱ በጆሮ፣ ሌላው በፊደል ገብተዋል። ዐረብኛን በትምህርት የሚያውቁ ሙስሊም ወገኖቻችን ምስር ማለታቸውም ከዚሁ ከዐረብኛው በር የመጣ፣ የቆየና የተከበረ አጠራር ነው፤ በእነርሱ ላይ የምሰነዝረው ትችት የለኝም። ትችቴ ለሁላችንም በአዋጅ ይለወጥ በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ለውጥ ፈላጊ ወገን ከዳዊት አንድ ኃይለ ቃል ላንብብ። በግእዙ ቍጥር መዝሙር 67፥31 ላይ «ይመጽኡ ተናብልት እምግብጽ፤ ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ይላል። በዕብራይስጡ በግብጽ ቦታ ምጽራይም፣ በኢትዮጵያ ቦታ ኩሽ ነው የተጻፈው። ሁለቱን ስሞች በአንድ መስመር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠልን የግሪኩ ትርጉም ነው። ግብጽ የግሪክ አሻራ አለበትና ይውጣ የሚል ሰው በዚያው መስመር ቀጥሎ ያለውን ስም ምን ሊያደርገው ነው? ኢትዮጵያም «የተቃጠለ ፊት» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ መሆኑን ሊቃውንቱ ሁሉ ያውቃሉ፤ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ከተጻፉት የድንጋይ ጽሑፎች በግሪኩ «አይቲዮፔስ»፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን፣ የተባለው በግእዙ «ሐበሠት» ነው። ያም ሆኖ ስሙን የራሳችን አድርገነዋል፤ ማንም ከእጃችን ሊወስደው አይችልም። አንዱ በነጋዴ አፍ፣ ሌላው በተርጓሚ ብዕር ቢመጣም የግብጽም የኢትዮጵያም መነሻ ለእኛ ግሪኩ ነው፤ በአንደኛው አፍረን በሁለተኛው ልንኮራ አንችልም።

የቱርክን ምሳሌ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተቀበለው ስሙ በእንግሊዝኛና በሌሎች የድርጅቱ ቋንቋዎች የሚጻፍበትን መልክ ነው፤ አማርኛው «ቱርክ» በጉዳዩ አልተነካም። የግብጽ መንግሥት ደግሞ ራሱ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ኢጂፕት ነው የሚለው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1971 የአገሪቱ ሕጋዊ ስም «የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ» ስለ ነበረ ምስር የሚለው ቃል በራሷ በአገሪቱ ስም ውስጥ አልነበረም፤ ሶርያ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኅብረቱ ከወጣችም በኋላ ስሙ ለዐሥር ዓመት ያህል እንዳለ ቆይቷል። በዚያን ሁሉ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪው ያለ አንዳች ችግር ግብጽ እያለ ነበር። ተራ ነገር ቢመስልም አንድ ሌላ እንቅፋት አለ። አማርኛ በጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ «የምስር ዋጋ ጨመረ» የሚል የጋዜጣ ርእስ ያየ ሰው የሚያስበው ስለ ወጥ ምስር ነው፤ ጠብቆ የሚነገረው የእህሉና ላልቶ የሚነገረው የአገሩ ስም በዐይን አንድ ናቸው። ቱርኮች «ምሥር» ሲሉ አገሪቱንም በቆሎንም ማለታቸው ስለሆነ ከዚህ ዐይነቱ መምታታት ጋር መኖር እንደሚቻል አውቃለሁ፤ በፈቃድ ወደ ቤት መጋበዙን ግን አልደግፍም።

አሁን ወደ ጸው። ግእዝ ጸንና ፀን በከንቱ አልለያቸውም። ፀ በዐረብኛ ዷድ ለሚባለው ድምፅ የቆመ ነው፤ ፀሐይ ከዐረብኛው «ዱሓ» ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው። ጸ ደግሞ የሷድና የዛእ ተወራሽ ነው፤ ጽላሎት ከዐረብኛው «ዚል»፣ ከዕብራይስጡ «ጼል» ጋር ይገጥማል። ፀ እንግዲህ የአገር በቀል ቃላት ፊደል ነው፤ ከውጭ ለመጣ ስም፣ ዷድ ለማያውቀው ለግሪክኛ ቃል፣ የሚሰጥበት ምክንያት የለም። የግእዝ መዝገበ ቃላት ግብጽን በጸሎቱ ጽ ይጽፋሉ። ያንን የዳዊት መስመር መልሰው ያንብቡት፦ ይመጽኡ፣ እምግብጽ፣ ታበጽሕ፤ ሦስቱም በጸሎቱ ጸ ናቸው። ይህን መስመር በቃሉ የያዘ የቆሎ ተማሪ ግብጽን በፀሐዩ ፅ ሊጽፍ እጁ አይታዘዝለትም። «አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ይበቃል፣ ጸና ፀ፣ ሰና ሠ ይጠቅለሉ» የሚሉት ወገኖች ከአማርኛ አንጻር ብቻ ካየነው የሚሉት ሐሰት አይደለም፤ የሚያጡት ግን ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚናገረውን ምልክት ነው፤ ያ ምልክት ባይኖር የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባልተጻፈ ነበር።

ሆኖም እውነቱን መደበቅ አይቻልም። የዛሬ ጋዜጦች፣ የዜና ማሠራጫዎችና ብዙ የታተሙ መጻሕፍት «ግብፅ» ብለው በፀሐዩ ፅ ይጽፋሉ፤ በጸሎቱ ጽ የሚጽፈው እየተመናመነ ነው። በብራናዎቹም ቢሆን ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ከሆነ ወዲህ ሲቀያየሩ ኖረዋል። አማርኛም ከመጀመሪያው ለሁለቱ አንድ ፍርድ ነው የሰጣቸው፤ መጽአ መጣ ሆነ፣ ወፅአ ወጣ ሆነ፤ ጾም ጦም፣ ጸበበ ጠበበ፣ ፀሐይም በአንዳንድ አገር ጠሐይ ሆነ። ጾምን ጦም የሚል አንደበት ግብጽንም «ግብጥ» ማለቱ አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሰዎች ሲያርሙት እሰማለሁ፤ እርሱ ግን ሳያውቀው ከሊቃውንቱ ሁሉ ይልቅ ወደ ግሪኩ ታውና ወደ ዐረብኛው ቅብጥ የቀረበ ነው። ስለዚህ «ግብፅ» የጻፈን ሰው ተሳስተሃል ብዬ አልከስስም፤ ልማዱ አሸንፏል። እኔ ግን በእጄ በምጽፈውና ለእርማት በሚመጣልኝ ጽሑፍ ሁሉ በጸሎቱ ጽ መጻፌን አልተውም፤ ፅው በዚያ ስም ላይ ሲቀመጥ ዐይኔን ይቆረቍረዋል፤ ይህ የመጨረሻው ከማስረጃ ይልቅ የጣዕም ጉዳይ መሆኑን አምናለሁ።

የቀረው የብዙ ቍጥሩ ነው፤ ይህ ብዙ አያቆየንም። አማርኛ የአገሩ ወይም የነገዱ ስም ብቻውን ሰውየውን የሚጠራ ሲሆን በ«-ኦች» ያበዛል፤ አንድ እንግሊዝ፣ አንድ ቱርክ፣ አንድ ዐረብ ስለሚባል እንግሊዞች፣ ቱርኮች፣ ዐረቦች እንላለን። ነጠላው በ«-አዊ» ሲሆን በ«-አውያን» ይበዛል፤ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያውያን። አንድ ሰው ሲጠራ «ግብጻዊ» እንጂ «አንድ ግብጽ» ማለት ስለማይለመድ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ግብጻውያንን ነው፤ በጽሑፍም እርሱን ይያዙ። «ግብጾች» በንግግር ሰፍቶ ጋዜጣ ውስጥም ገብቷል፤ አጭርና ለአፍ የቀለለ ስለሆነ አላባርረውም። «ግብጻውያኖች» የሚለውን ግን፣ «ኢትዮጵያውያኖች»ንና «መምህራኖች»ን ጨምሮ፣ በየትኛውም ጸ ቢጻፍ አልቀበለውም፤ በአንድ ቃል ላይ ሁለት የማብዣ መድረሻ ተደርቦበታልና ከሁለቱ አንዱን ያስቀሩ።